የደም ዕዳና የግል ጥፋት፤ በዋግ ደጋ የነፍሰ ገዳይ ቅጣት አመዛዘን

በዋግ ደጋ ሰው የተገደለ እንደ ሆነ ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። አንደኛው በሰቆጣ ችሎት የሚነሣው ነው፤ ይኸውም «ማን ገደለ? በምን ሐሳብስ ገደለ?» የሚል ነው። ሁለተኛው በሟች ቤት፣ ለቅሶ ሊደርስ በመጣው ዘመድ መካከል የሚነሣው ነው፤ እርሱም «ደሙ በማን ላይ ነው?» ይላል። ላይ ላዩን ለተመለከታቸው ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው መልስ አንድ ሰው ሲሆን፣ የሁለተኛው መልስ አንድ ዘር ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ፍርድ ውስጥ በተገናኙ ጊዜ ስለሚፈጠረው ችግር ነው። በተለይም የሁለት ወገኖች እርቅ ቅጣትን የሚያቀል ምክንያት ሆኖ ለዳኛ ሲቀርብ፣ የተመዘነው የገዳዩ ጥፋት ነውን ወይስ የዘመዶቹ ብዛት? የሚለው ነገር እስካሁን በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም።

አስቀድሞ ስለ አገሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዋግ ከላስታ በስተሰሜን፣ ከተከዜ ሸለቆ በስተምሥራቅ የሚገኝ አምባና ገደል የበዛበት ምድር ነው። ተወላጆቹ ከአገው ወገን የሆኑ ኽምጣንጋ ተናጋሪዎች ሲሆኑ፣ አማርኛም አብሮ ይነገራል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የዋግ አውራጃ ይባል የነበረው ይህ አገር፣ ዛሬ በአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ነው። ሰቆጣ የዋግሹሞች መቀመጫ ነበረች፤ ዋግሹሞቹም ዘራቸውን ከዛጉዬ ነገሥታት ይቈጥሩ ስለ ነበር ከሌሎች ባላባቶች የተለየ ክብር ነበራቸው። ከእነርሱም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ከተማይቱ ከአፋር በረሓ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባት ትልቅ ገበያም ነበረች።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን ገዥና ዳኛ አንድ ሰው ነበር፤ በገዥው ፊት የሚቆመው ባለጉዳይ ግን ብቻውን አይቆምም። ከሳሽም ተከሳሽም ዋስ ይጠራል፤ ዋስ ያጣ ከባላጋራው ጋር በቁራኛ ይታሰራል። ዋስ የሚሆነው ደግሞ ዘመድ ወይም ወዳጅ ነው። እንግዲህ ዘመድ የሌለው ሰው፣ ለምሳሌ ከሩቅ አገር የመጣ ጨው ነጋዴ፣ ክርክሩ ገና ሳይጀመር የታሰረ ያህል ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

በሰሜኑ ደጋ ልማድ፣ ዋግም ከዚህ ውጭ አይደለም፣ የፈሰሰ ደም የሟች ቤተ ዘመድ ሁሉ ገንዘብ ነው፤ ዕዳውም የገዳይ ቤተ ዘመድ ሁሉ ዕዳ ነው። ገዳዩ ቢያመልጥ ወንድሙ፣ ወንድም ባይኖረው ያጎቱ ልጅ ደመኛ ይሆናል። ስለዚህ ነፍስ በጠፋ ማግሥት የሚሸሸው ገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ወንዶች ዘመዶቹም ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ይርቃሉ፤ እርሻቸው ጦሙን ያድራል፤ ከብቱን ሴትና ሕፃን ያግደዋል። ይህ ኑሮ ሲያስጨንቅ ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው ወደ ሟች ቤት ይሄዳሉ። መጀመሪያ አይሰሙአቸውም፤ አለመስማትም የሥርዓቱ አንድ ክፍል ነው፤ ፈጥኖ የታረቀ ሰው የሞተበትን እንዳቃለለ ይቈጠርበታልና። ተመላልሰው ከለመኑ በኋላ ገዳዩ፣ ወይም በእርሱ ምትክ የቆመ ዘመዱ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል። የደም ካሳው ይቈረጣል፤ ካሳውም ከዘመድ እየተዋጣ ይከፈላል፤ በመሐላም ይታሰራል። ደም ደረቀ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። በአንዳንድ ስፍራም ሁለቱን ቤቶች በጋብቻ ለማሰር ሲባል ከገዳይ ወገን ልጃገረድ ትሰጥ ነበር፤ ስለዚህ ክፉ ልማድ ከዚህ በታች እናገራለሁ።

ይህ የጋራ ኀላፊነት ከደም ጉዳይም አልፎ ይሄድ ነበር። ሌባው ወይም ገዳዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው በአውጫጭኝ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ተጠቁሞ እስኪገኝ ድረስ ወደ ቤቱ አይበተንም፤ ካልተገኘም ጉዳቱን አገሩ በሙሉ ይክሳል። መንግሥት ፖሊስ ባልነበረው ጊዜ፣ ገደሉና ሸለቆው በሚሰውረው አገር፣ ወንጀለኛን ለማግኘት ከዚህ የቀለለ መንገድ አልነበረም ብሎ መከራከር ይቻላል። ሆኖም ምንም ያላየና ያልሰማ ገበሬ ስለ ጎረቤቱ ሲከፍል ኖሯል።

በውጭ አገር በምማርበት ጊዜ ስለ ደም ካሳ አንድ ጽሑፍ ለመምህሬ አቅርቤ ነበር። መምህሬም አንብበው «ይህ ነገር ከእኛ ዘንድ ከቀረ ሺሕ ዓመት ሆነው» አሉኝ። እውነት ነው፤ የጥንት ጀርመኖችና የእንግሊዝ ሳክሶኖች የሰውን ነፍስ በዋጋ ይተምኑ፣ ዋጋውንም ከገዳዩ ዘመድ ይቀበሉ ነበር። ነገር ግን በዚያው አገር በመኪና ሰው ገጭቶ የገደለ ሰው ካሳውን የሚከፍልለት ከብዙ ሺሕ ሰው መዋጮ የሰበሰበው የኢንሹራንስ ኩባንያ መሆኑን ሳስታውሳቸው ሣቁና ዝም አሉ። የዘመድ መዋጮም እንደዚሁ ያለ መድን ነው፤ ዛሬ ስለ አጎቱ ልጅ አንድ በሬ የሚሰጥ ገበሬ ነገ በራሱ ልጅ ላይ ለሚደርሰው መጠበቂያ ማኖሩ ነው። የፈረንሳዩ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ፖል ፎኮኔ እ.ኤ.አ. በ1920 ስለ ኀላፊነት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኀላፊነት ዘወትር በአንድ ግለሰብ ላይ ብቻ የሚያርፍ ነገር አለመሆኑን፣ ይህ ዐይነቱ አስተሳሰብ ከረዥም ታሪክ በኋላ የመጣ መሆኑን አስረድቷል። የእኛም አገር ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ይሁን እንጂ ዘመድ ወዶ የሚሸከመውን ዕዳና ባለሥልጣን በሕዝብ ላይ የሚጭነውን የጅምላ ቅጣት አንድ ማድረግ አይገባም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት ጥቂት ሰዎች ሲሆኑ፣ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ለ3 ቀናት ያወረዱት እልቂት የዚህ የሁለተኛው ዐይነት ምሳሌ ነው።

የተጻፈው ሕጋችን ግን ከጥንት ጀምሮ ወደ ሐሳብ ይመለከት ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጻዊው ሊቅ በኢብን አል-አሣል በዐረብኛ የተጠናቀረውና በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ በ47ኛው አንቀጹ ስለ ነፍስ ግድያ ሲናገር፣ ዐውቆ የገደለውን ሳያስበው ካጋጠመው ይለየዋል። ችግሩ የነበረው በፍርዱ አፈጻጸም ላይ ነው። ጥፋቱ የተረጋገጠበት ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ይገድሉታል፣ ወይም ዳኛውና ካህናቱ እየለመኑአቸው ካሳ ይቀበላሉ። ስለዚህ በአንድ ዐይነት ጥፋት የተፈረደባቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በገዛ ጦሩ ሲሞት ሁለተኛው ከብት ከፍሎ ወደ ቤቱ ሊገባ ይችል ነበር። ልዩነቱን የሚያመጣው ጥፋቱ ሳይሆን የሟች ዘመድ ልብና የገዳይ ዘመድ በረት ነው።

ስለዚህ ነገር ሲነገር የቆየ አንድ ወግ አለ። አንድ ልጅ ከዛፍ ላይ ወድቆ ከታች የነበረውን ጓደኛውን ገደለ። የሟች ቤተ ሰቦች ደም በደም ይመለስልን ብለው አሻፈረን አሉ፤ ካሳም አንቀበልም አሉ። ዳኛውም እሺ ብሎ፣ ገዳዩ ልጅ ከዛፉ ሥር ይቀመጥ፣ የሟች ወንድም ደግሞ ከዛፉ ላይ ወጥቶ ይውደቅበትና ይግደለው ብሎ ፈረደ። ከሳሾቹ ያን ጊዜ ካሳውን መረጡ ይባላል። ወጉ የተደረገ ይሁን የተፈጠረ አከራካሪ ቢሆንም፣ ያለ ሐሳብ የሆነውን ነገር እንደ ጥፋት መቍጠር ምን ያህል እንደሚያሳፍር ሕዝቡ ራሱ ያውቅ እንደ ነበር ይመሰክራል።

ከዚህ ወዲያ ያለው ታሪክ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከፍትሐ ነገሥት ወደ ዘመናዊ ሕግ መሸጋገሪያ ሆነ። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ54ኛው አንቀጽ ቅጣት የግል መሆኑን፣ ማንም ሰው ራሱ ባላደረገው ጥፋት እንደማይቀጣ ደነገገ። የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ታውጆ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ይህንንም ሕግ የተካው በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል።

ለጉዳያችን ዋና የሆኑት የዚህ ሕግ ሁለት ቦታዎች ናቸው። በ4ኛው አንቀጽ ሕጉ ሰዎችን ሁሉ ሳያበላልጥ የሚመለከት መሆኑን ይናገራል። በ88ኛው አንቀጽ ደግሞ ቅጣት በእያንዳንዱ ጥፋተኛ የጥፋት መጠን እንዲወሰን፣ ለዚህም የቀድሞ ጠባዩ፣ ያነሣሣው ምክንያት፣ የግል ኑሮውና የትምህርቱ ደረጃ፣ እንዲሁም የወንጀሉ ክብደትና የተፈጸመበት ሁኔታ እንዲታይ ያዝዛል። ላልተጠነቀቀ አንባቢ ሁለቱ አንቀጾች የሚጣሉ ይመስሉታል፤ ሁሉ እኩል ከሆነ እንዴት እያንዳንዱ ለብቻው ይመዘናል? መልሱ ግን ሩቅ አይደለም። ሚዛኑ አንድ ነው፤ የሚመዘነው ነገር ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1898 ሬሞን ሳሌይ ስለ ቅጣት ግላዊነት የጻፈው መጽሐፍ ከወጣ ወዲህ የአውሮፓ ሊቃውንት የተከራከሩበት ጉዳይ ይኸው ነበር፤ ምን ምን ነገር በሚዛኑ ላይ ይውጣ? ምን ምንስ ይቅር?

ጥያቄው ቃል ብቻ እንዳይመስል አኀዙን እንመልከት። በ540ኛው አንቀጽ ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በ5 ዓመትና በ20 ዓመት መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው የጉልማሳነት ዕድሜ በሙሉ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ88ኛው አንቀጽ በተሰጠው ሥልጣን በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ያወጣው፣ በ2006 ዓ.ም.ም ያሻሻለው፣ በአንድ ዐይነት ጥፋት አንዱ ችሎት 6 ሌላው 18 ዓመት እንዳይፈርድ ለመከላከል ነው። መመሪያው ቅጣቶችን በእርከን ደርድሮ፣ የሚያቀልና የሚያከብድ ምክንያት ሲገኝ ዳኛው በእርከኑ እንዲወርድ ወይም እንዲወጣ ያደርጋል። መመሪያው መልካም ነው። ነገር ግን የሚያቀለው ምክንያት ራሱ ለአንዱ በቀላሉ የሚገኝ፣ ለሌላው ፈጽሞ የማይገኝ ከሆነ፣ እርከኑ በጥንቃቄ መደርደሩ ብቻውን እኩልነትን አያመጣም።

ጉዳዩን ለማየት እንዲያመች ሁለት ሰዎችን እንፍጠር። ሁለቱም በዋግ ደጋ በእርሻ ወሰን ጠብ በዱላ መትተው ሰው ገደሉ። ሁለቱም ከዚህ በፊት ተከስሰው አያውቁም፤ ሁለቱም ማምለጥ ሲችሉ እጃቸውን ሰጡ። የመጀመሪያው ዘመደ ብዙ ነው። እርሱ በወኅኒ ሳለ ወንድሞቹና ያጎቶቹ ልጆች ካሳውን አዋጥተው፣ ሽማግሌ ልከው፣ የሟችን ቤት ታረቁ፤ በቅጣት ክርክር ቀንም ሽማግሌዎቹ የእርቁን ወረቀት ይዘው ችሎት ቀረቡ። ሁለተኛው ግን ከሌላ አገር ለአጨዳ መጥቶ የቀረ ሰው ነው። ሽማግሌ የሚልክለት፣ በሬ የሚሰጥለት፣ ድንጋይ የሚሸከምለት የለውም። ዳኛው የመጀመሪያውን ቅጣት በእርቁ ምክንያት ዝቅ ያደርጋል፤ የሁለተኛውን እንዳለ ይተወዋል። አንዱ ከሌላው የበለጠ በደለኛ ነውን? አይደለም። ድሮ በገዥው ፊት ዋስ አጥቶ በቁራኛ የታሰረው ጨው ነጋዴ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ እንጂ።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ክርክር ማቃለል አይገባም። ለእርቅ ዋጋ የሚሰጠው ዳኛ ሞኝ አይደለም። የእስራት ፍርድ ደም አያደርቅም፤ ገዳዩ በወኅኒ ቢቀመጥም ወንድሙ ከደመኛነት አይወጣም። እርቅ ካልወረደ በነገሩ የሌለበት ሰው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ለእርቅ በር ቢዘጋ፣ ቅጣት የግል ነው የሚለው መርሕ በችሎት ተከብሮ ሳለ ከችሎት ውጭ ምንም ያልበደለ ወንድም ስለ ወንድሙ ይቀጣል። ሕጉም በሩን አልዘጋም። በ86ኛው አንቀጽ ዳኛው በሕግ ያልተዘረዘረ ምክንያት ሲያገኝ፣ የተቀበለበትን ነገር በግልጽ ጽፎ ቅጣቱን ሊያቀል ይችላል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲም ከመደበኛው ክስ ውጭ ለሆኑ አማራጮች ቦታ ሰጥቷል።

በበኩሌ መፍትሔውን የማገኘው በ82ኛው አንቀጽ ንኡስ አንቀጽ 1 (ሠ) ነው። በዚያ የተጻፈው ምክንያት እርቅ አይደለም፤ የጥፋተኛው እውነተኛ ጸጸት ነው። ምልክቶቹም ጥፋቱን ማመን፣ እጅን መስጠት፣ ለተጎዳው ወገን መድረስ፣ የቻለውን ያህል ጉዳቱን መካስ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ራሱ ሰውየው የሚያደርጋቸው ነገሮች ናቸው። እንግዲህ የእርቅ ወረቀት በቀረበ ጊዜ ዳኛው «ታርቀዋልን?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «በዚህ እርቅ ውስጥ ተከሳሹ ምን አደረገ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። ከራሱ እርሻና ከብት ከፍሎ እንደ ሆነ ይቈጠርለት። ከወንድሙ በረት የወጣው ግን የወንድሙ ልግስና ነው እንጂ የጥፋተኛው ጸጸት አይደለም። ዘመድ የሌለውም ሰው ይጠየቅ፤ ለመታረቅ ፈልጎ ኖሯልን? ለሟች ቤት መልእክት ልኳልን? የሚያስታርቀው ያጣ ሰው መታረቅ አልፈለገም ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም። በዚህ መንገድ እርቁ ከሚዛኑ አይወጣም፤ በሚዛኑ ላይ የሚወጣው ግን የሰውየው ድርሻ ብቻ ይሆናል።

ከዚህም የከፋ ልዩነት የሚፈጠርበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም እርቁ ወደ ችሎት ሳይቀርብ ክሱን ሲያጠፋው ነው። ነፍስ ግድያ በግል አቤቱታ ብቻ ከሚቀርቡት ወንጀሎች ወገን ስላልሆነ፣ የሟች ዘመዶች ስለ ታረቁ ክሱ አይቋረጥም። ነገር ግን ደሙ ደርቋል ከተባለ በኋላ ያየው ሰው አላየሁም ይላል፤ የመሐላውን ቃል ያፈረሰ መስሎ መታየትን ይፈራልና። ምስክር የታጣበት ዘመደ ብዙ በነጻ ሲለቀቅ፣ ዘመድ አልባው ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይታሰራል። የቅጣት መመሪያ ይህን ሊያርም አይችልም፤ መመሪያው የሚሠራው ጥፋተኛ በተባለ ሰው ላይ ብቻ ነው።

በጋብቻ ስለሚደረገው የደም እርቅ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። የግል ኀላፊነትን መርሕ ከሁሉ አብልጦ የሚጥሰው ይህ ነው። በግድያው ምንም ድርሻ የሌላት ልጅ፣ ልጇን ገዳይ በወሰደባት እናት ቤት ዕድሜዋን ስትከፍል ትኖራለች፤ ገዳዩ እንኳ የእስራት ዘመኑን ሲፈጽም ይወጣል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ስላዘዘ፣ እንዲህ ያለ ቃል ያለበትን የእርቅ ወረቀት ዳኛ ቅጣት ማቅለያ አድርጎ ሊቀበለው አይችልም፤ ምርመራ ሊያዝዝበት ይገባል እንጂ።

የቀረው አስቸጋሪ ጉዳይ የደም መላሹ ነው። የአባቱን ገዳይ ከብዙ ዓመት በኋላ አድብቶ የገደለ ጎልማሳ በችሎት ሲቆም፣ አገሩ ሁሉ እንዳስገደደው ይናገራል። ሐሰት አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ በለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ ስሙን እየጠራች ስታነሣሣው፣ በድግስ ላይ ፎካሪው በነገር ሲወጋው፣ ጓደኞቹ ሱሪ የታጠቀች ሴት እያሉ ሲሰድቡት አድጓል። በንዴት የገደለ ሰው በ541ኛው አንቀጽ መሠረት ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ሊቀጣ ይችላል፤ ይህ ግን ዓመታት ጠብቆ፣ አስቦና አዘጋጅቶ ስለ ገደለ በ539ኛው አንቀጽ የዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ይጠብቀዋል። ሕጉ ከሁሉ የከፋ አድርጎ የሚያየውን ሰው መንደሩ ከሁሉ የተሻለ ልጅ አድርጎ ያየዋል።

የመንደሩ ግፊት ከጥፋት ያድነዋል ብዬ አልከራከርም። ተሰድቦም እምቢ ያለ፣ ከአገር ወጥቶ የሄደ፣ ወይም ለሽማግሌ ቃል እሺ ያለ ሰው በየመንደሩ አለና፣ ምርጫ አልነበረውም አይባልም። ሕጉን አላውቅም ነበር ማለትም አያድነውም፤ 81ኛው አንቀጽ እንዲህ ያለውን መከላከያ አይቀበልምና። ይሁን እንጂ የግል ኀላፊነት ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚቈርጥ ሰይፍ አይደለም። «አገሩ አስገደደኝ» ሲል አገር የሚባለው ማን ነው? ጠመንጃውን የሰጠው አጎት ስም አለው፤ ገዳዩ በዚህ መንገድ ያልፋል ብሎ የጠቆመው ጎረቤት ስም አለው። ሕጉ በ36ኛው አንቀጽ ሌላውን ሰው ወንጀል እንዲያደርግ ያነሣሣን ሰው፣ በ37ኛውም የረዳን ሰው በየራሳቸው ጥፋት ይጠይቃቸዋል። የጋራውን ደም ወደ ግል ጥፋት መልሶ መዘርዘር ማለት ይህ ነው። ግፊቱም ቢሆን ለቅጣት ልክ ከንቱ አይደለም፤ ዳኛው በጥቅም ከገደለ ሰው የሚለየው የግፊቱን ታሪክ አጣርቶ ሲሰማ ነው። በሕገ መንግሥቱ 20ኛ አንቀጽ የተሰጠው የአስተርጓሚ መብትም ለኽምጣንጋ ተናጋሪው ተከሳሽ ጥቅሙ የሚገለጸው በክሱ ቃል ላይ ብቻ ሳይሆን እዚህም ላይ ነው፤ ምን ተብሎ እንደ ተሰደበ፣ በምን ቃል እንደ ተነሣሣ በሌላ ቋንቋ አሳጥሮ የሚናገር ሰው የነገሩን ግማሽ ይጥላል።

ይህን ጉዳይ ከዚህ ይልቅ አስፍቶ ለማጥናት የሚፈልግ ተማሪ፣ የችሎት መዝገቦችን ብቻ ወይም የሽማግሌዎችን ቃል ብቻ ይዞ እንዳይነሣ እመክራለሁ። የአንድን ግድያ መዝገብና የዚያኑ ግድያ እርቅ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ካሳው ከማን በረት እንደ ወጣና ቅጣቱ በስንት እርከን እንደ ወረደ ቢያነጻጽር፣ ከላይ የፈጠርኋቸውን ሁለት ሰዎች በእውነተኛ መዝገብ ውስጥ ሊያገኛቸው ይችላል። መዝገቡ የሚዘጋው ታሳሪው ከወኅኒ በወጣበት ቀን ነው። በዚያው ቀን ዘመደ ብዙውን ወንድሞቹ በበቅሎ ሊቀበሉት ይመጣሉ፤ ዘመድ አልባው ግን የሟች ወንድሞች በየትኛው መንገድ እንደሚጠብቁት ሳያውቅ ከሰቆጣ ብቻውን ይወጣል።